ከዳክዬዋ ሥር

ገላን ኮንዶሚኒየም መግቢያ፣ ለታክሲ ከምንሰለፍበት አጥር ሥር አንዲት ሴት ትቀመጣለች። ስሟን ጠይቄያት አላውቅም። ሰማያዊ የፋብሪካ ጋዋን ትለብሳለች፤ ደረቱ ላይ የድርጅቱ ስም የነበረበት ቦታ በአበባ ጨርቅ ተሸፍኗል።

ስፌቱ ተበላሽቶ ፋብሪካው ያወጣውን የልጆች ልብስና የሕፃን ብርድ ልብስ ትገዛለች። ከእራፊ ጨርቅ ዳክዬ፣ ዓሣ፣ ቢራቢሮ እየቆረጠች የተበላሸው ላይ ትሰፋበታለች። መጀመሪያ ግን ጉድለቱን በአውራ ጣቷ ትዳስሰዋለች። የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሰፊዎቹ ፋብሪካው ውስጥ አብረዋት ይሠሩ ነበር።

"ይቺ እንቅልፍ የሚጥላት ልጅ ናት፤ ማታ ትማር ነበር" ትላለች፣ ሳትስቅ።

እናቶች ዳክዬዋን አይተው "ስታምር" ይላሉ። ከሥሯ ያለውን ገልጦ የሚያይ የለም።

ከኋላዋ አጥሩ ላይ ምንም ያልተሰፋበት ነጭ የልጅ ሸሚዝ ሁልጊዜ ተሰቅሎ ይውላል። የአንገቱ ስፌት ተጣሟል። ትናንት ለእህቴ ልጅ ልገዛው ብዬ ዋጋውን ጠየቅኳት።

"እሱ አይሸጥም። የራሴ እጅ ነው፤ ከተጣለው መሀል አገኘሁት" አለችኝ። "ልጄ ታሞ ፈቃድ የከለከሉኝ ቀን የሰፋሁት ነው። ስፌት አጣመምሽ ብለው ደግሞ ቀጡኝ።"

"ልጁስ ተሻለው?"

የያዘችውን ክር በጥርሷ በጠሰችው።

"ሸሚዙ የሁለት ዓመት ልጅ ልክ ነው" አለች። "የእኔ ሁለት ሳይሞላው ቀረ።"