በእነሱ ቤት በኩል

ዛሬ ጠዋት አንዲት አሮጊት ይዤ ሐይቅ ፍለጋ ወጥቼ ነበር። ሐይቁ ካርታዬ ላይ አለ፤ ክብ ነው፣ ጠርዙ ቀላ ይላል። ከደብረ ማርቆስ በባጃጅ ሄደን መንገዱ ሲያልቅ ወረድን፤ ከዚያ እትዬ ጥሩወርቅ ምርኩዛቸውን፣ እኔ ጉራዬን ተደግፈን ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ሜዳው መሀል ደርሰን ውኃ የሚባል ሲጠፋ መነጽሬን ወልውዬ ካርታውን ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋው የቁርሴ ሽሮ ሸተተኝ። ለካ ሐይቁን የሠራሁት እኔው ነኝ፣ በጉርሻ።

«አንተ ልጅ፣ ሽሮው ቀጠን ብሎ ቢሆን ኖሮ ሌላ አባይ ልታሻግረኝ ነበር» አሉኝ። ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ልጅ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ጎረቤቴ ናቸው። የተወለዱበት መንደር በተስቦ ባዶ ሲቀር አክስታቸው አዝለው ያወጧቸው ሕፃን ነበሩ። አሁን ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ሳይጨልምብኝ እትብቴ የተቀበረበትን ደጅ ልርገጥ ብለው ለመኑኝ። መንደሩ የት እንደነበር ግን ሁሉም የየራሱን ይናገራል። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ልጄ ናት እኔ ሳልወለድ የተነሳ ካርታ ፈልጋ ያተመችልኝ። ኮረብታው በቀጫጭን መስመር ተከቧል፣ ወንዙ እንደ ክር ይሄዳል፣ ቤቶቹ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ናቸው። መንደሩን ለማግኘት ሐይቁን ነበር ምልክት ያደረግሁት።

ሽሮውን በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ ነጥቦች ብቅ አሉ። በመሀላቸው አንድ የእግር መንገድ እየተጠማዘዘ ያልፋል። ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ። ባሕር ዛፉ አገሩን ቢለውጠውም ያንን መንገድ አወቅሁት፤ ጸጉሬም ቆመ፣ የቀረችው ማለቴ ነው።

ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የምሄደው በዚያ ነበር። ሜዳው ልሙጥ ሣር ነው፤ ድንጋይ የለ፣ ዛፍ የለ፣ ገደል የለ። መንገዱ ግን መሀል ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ጥቂት ሄዶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይዞራል፤ ሰካራም የቀደደው ይመስላል። ሸክም የከበደው፣ አስከሬን የተሸከመ እንኳ በዚያው ይዞራል እንጂ አያቋርጥም። ቦታውን «እነሱ ቤት» ነበር የምንለው። እነሱ እነማን እንደሆኑ የነገረን የለም። እዚያ ስንደርስ ትልልቆቹ ወደ ባዶው ሣር ዞረው «እንደምን ዋላችሁ» ይላሉ፤ እኛም ተከትለን እንላለን። ሳማው በክብ በክብ በቅሎ ነበር። ጭጋግ በወረደ ቀን የእርጥብ እንጨት ጭስ ይሸታል።

አንድ የክረምት ከሰዓት ብቻዬን ስመለስ ዝናብ መጣብኝ፤ ብልጥ ነኝና አቋረጥሁ። ሳማው እግሬን ለበለበው፣ ተደናቅፌም በእጄ ወደቅሁ። ሣሩ ውስጥ ሦስት ጉልቻ ነበር። ዝናብ እየወረደበት ጉልቻው ይሞቃል። ዛሬ ሳወራው የሞቀው የገዛ እጄ ነው እላለሁ፤ ያን ቀን ግን አንዱን ጫማዬን ትቼላቸው ነው የሮጥሁት።

አባቴ ሲሰማ አልገረፈኝም፤ የበለጠ ያስፈራኝም ይኸው ነው። በማግስቱ ይዞኝ ሄደና ከሳማው ፊት ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ለሣሩ «ልጅ ነው፤ ሳይጠራ ገባ፤ ይቅር በሉት» አለ። ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ መልስ እንደሰማ ሰው ራሱን ነቅንቆ መለሰኝ። የሰው ደጅ ላይ «ቤቶች» ሳይሉ፣ «ግቡ» ሳይባሉ አይገባም፣ ባለቤቱ ኖረም አልኖረም ብሎ መከረኝ።

ለካ ያ ሁሉ መዞር የሰው አጥር መዞር ነበር። አጥሩ ጠፍቶ፣ ያጠረውም ጠፍቶ፣ መንገዱ ግን እስከ ዛሬ ያከብራቸዋል። ቆመን ሳለን አንድ ሰውዬ አህያ እየነዳ መጣ፤ ከባዶው ሜዳ ሲደርሱ ቀድማ የዞረችው አህያዋ ናት።

እትዬ ጥሩወርቅን አክስታቸው እንደነገሯቸው የአባታቸው ቤት ከሁሉ መጨረሻ፣ በወንዙ በኩል ነበር። ካርታው ላይ መጨረሻዋን ነጥብ አየሁና ሳማው የበዛበትን አሳየኋቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ከሳማው ጥግ ቆሙ።

«ቤቶች» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደገሙት።

ይግቡ እንጂ፣ ማን ይከለክልዎታል ብዬ ልቀልድ ሞከርሁ። ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ግቢ ሳልባል? በአባቴ ደጅ ባለጌ ልባል?» አሉ። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ በለኝ በእነሱ ፈንታ። የሰው ድምፅ ይበቃኛል» አሉኝ።

አፌን ከፈትሁ። ቀን ሙሉ ሲለፈልፍ የሚውል አፍ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ የማያርፍ። ቃሏ ግን አልወጣችም። እኔ «ይግቡ» ስል ሌላ ሰው አብሮኝ እንዳይል ነው የፈራሁት። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርሁ። ጫማዬ ክር የለውም።

እሳቸው ጠበቁኝ። ኋላ ምርኩዛቸውን ወደ መንገዱ መልሰው «ዛሬ የሉም ማለት ነው፤ ሌላ ቀን እንመጣለን» አሉ። በመጣንበት ዞረን ተመለስን።

ልጅ ሳለሁ ለባዶ ሣር እጅ እነሣ ነበር፤ ማን ይመልሳል ብዬም አልተጨነቅሁ። ያኔ እነሱ ሩቅ ነበሩ። አሁን ግን የጎረቤቴ ወገኖች ሆነዋል፤ ለዚያ ይሆናል ምላሴ የተሳሰረው። ባጃጁ ውስጥ እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ክረምቱ እየገባ ነው፤ ያ ዓይን እስከ መስከረም ይቆይ አይቆይ እንጃ። አንዲት «ይግቡ» አለብኝ።