ጋሽ ደግፌ የተቀመጡበት ቀሚስ

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ጎረቤቴ የከሰል ካውያዋን አውጥታ ስትተኩስ፣ የእርጥብ ጨርቅና የፍም ሽታ በአጥሩ ተሻግሮ መጣ። ወዲያው የልጅነቴ ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ ደግፌ ትዝ አሉኝ።

ሱቃቸው ሶዶ ገበያ ዳር፣ ዳሞታ ተራራ በበሯ የሚታይባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ቤተሰባቸው ከጉራጌ አገር የመጣ ኦርቶዶክስ ነው፤ እኛ ደግሞ ጴንጤ። ከስፌት መኪናው በላይ የሕፃኑ የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ሥዕል ተሰቅሏል። በየወሩ ቂርቆስ በዋለ ቀን ይሰፋሉ እንጂ ካውያ አያቀጣጥሉም። "እሱ ያን ሁሉ እሳት ችሎ እኔ ከሰል ላራግብ?" ይሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ እኔንና ነጩን የመዝሙር ቀሚሴን ይዛ ስትደርስ፣ ዕለቱ ቂርቆስ ሆኖ ተገኘ።

"ነገ እኮ ኳየር አላት፤ ብቻዋን ነው የምትዘምረው!" አለች።

"መስፋት እሰፋለሁ፤ እሳት ግን አልነካም፣ እህቴ።"

እኔ በሆዴ እልል አልኩ። ሕዝብ ፊት መቆም ሞት ይመስለኝ ነበር፤ ቀሚሱ ካልተተኮሰ ማን ያቆመኛል? ጋሽ ደግፌ ግን ፊቴን አዩት። ቀሚሱ ላይ ውኃ በአፋቸው ረጭተው፣ አጥፈው ወንበራቸው ላይ አነጠፉና ተቀመጡበት። "እስኪመሽ አልነሳም። አንቺም ቁጭ በይ" አሉኝ።

እውነትም አልተነሡም። ሻያቸውን እዚያው ጠጡ፤ ደንበኛ ሲመጣ "እስቲ ዙር" እያሉ ተቀምጠው ለኩ። በመሃል የቂርቆስን ታሪክ ነገሩኝ። ጨካኙ ገዥ እምነታችንን አንክድም ስላሉ እናትና ልጅን ሊጥልበት ያፈላው የውኃ ጋን እንደ ነጎድጓድ ሲያስገመግም እናቱ ፈራች።

"ያን ጊዜ አይዞሽ ያላት ማን ይመስልሻል? የሦስት ዓመት ልጇ!" አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "አንቺስ ስንት ዓመትሽ ነው?"

ዘጠኝ ነበርኩ። አፈርኩ።

በማግስቱ ቀሚሱ እሳት እንዳላየ ማንም አላወቀም፤ የወንበሩ ጣውላ ያተማት አንዲት መስመር ብቻ ከወገቤ በታች ቀርታ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ያቺን መስመር በጣቴ ያዝኳትና ድምፄ ወጣ። ጋሽ ደግፌ ከቅዳሴ ሲመለሱ በቤተ ክርስቲያናችን አጥር በኩል ቆመው እንደሰሙኝ እናቴ በኋላ ነገረችኝ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጋሽ ደግፌ ካረፉ ቆዩ። እኔ ዛሬም ጴንጤ ነኝ፤ ስለ ቅዱሳን ብጠየቅ ብዙም አላውቅ። ብቻ ቂርቆስ በዋለ ቀን ካውያ አልሰካም። ባለቤቴ የተጨማደደ ሸሚዙን ይዞ "ኧረ ቢሮ ረፈደብኝ!" ሲለኝ፣ ወንበር እስብለታለሁ።