የእናቴ ሳል ዋጋ

ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ አምቦ ውስጥ ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። የማድቤት ጭስ ቢቀንስ ለሰው ጤና የሚያስገኘው ጥቅም በብር ስንት ይሆናል የሚል ጥናት ነበር። ሁለት መንገድ አሠለጠኑን። አንደኛው ጭሱ ያሳመመው ሰው ለሕክምና ያወጣውንና ከሥራ የቀረባቸውን ቀናት መደመር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰዉን ራሱን፣ ጭሱ እንዲቀንስልዎ በወር ስንት ይከፍላሉ ብሎ መጠየቅ።

የተመደብኩት ጌዶ፣ የተወለድኩበት ከተማ ነበር። ለመለማመድ መጀመሪያ እናቴን ጠየቅኳት። ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት ያበሰለች ሴት ናት፤ ሳሏ ከግቢው በር ይሰማል።

"ሀርሜ፣ ባለፈው ወር በሳሉ ምክንያት ስንት ቀን ከሥራ ቀረሽ?"

"መቼ ቀርቼ አውቃለሁ? እኔ ከቀረሁ ማን ያበስላል?"

ዜሮ ጻፍኩ። ጤና ጣቢያም አልሄደችም፤ እዚያም ዜሮ። በዚህኛው መንገድ የእናቴ ሳል ምንም ዋጋ አልነበረውም።

ሁለተኛውን ጠየቅኳት። እንጨቱን ወደ ምድጃው ገፋ አደረገች።

"ለእኔ ከሆነ ለምጄዋለሁ፣ አልከፍልም። አንቺ ግን ልጅ ሳለሽ ዓይኔን አቃጠለኝ እያልሽ ጥለሽኝ ትወጪ ነበር። ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ጭሱ ቢጠፋ እኔ ጋ ትቀመጪያለሽ? እሱን ከሆነ የምትጠይቂኝ ያለኝን እሰጣለሁ።"

ቅጹ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው። ለአስተባባሪያችን መልሷን ሳነብለት፣ "የዘመድ መልስ አይቆጠርም፣ ተይው" አለኝ። ልክ ነበር።

በመጀመሪያው ደመወዜ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ አሠራሁላት። ያን ክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ከአምቦ እየመጣሁ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥኩ አብሬያት ዋልኩ። አባቴን እንዴት እንዳገባችው፣ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ እየጨረሰች የነገረችኝ ያኔ ነው። ከዚያ ባኮ ቅዳሜም የማያሳርፍ ሥራ አገኘሁና ለበዓል ብቻ የምመጣ ሆንኩ። ሳሉ ቀለል አለላት እንጂ አልለቀቃትም። ጥቂት ዓመት ቆይታ አረፈች።

ማድቤቱን አሁን የያዘችው የወንድሜ ሚስት ናት። ጌዶ ስሄድ ገብቼ እቀመጣለሁ። ደግ ናት፣ ጨዋታዋም ደስ ይላል። እናቴ ግን ከየትም ይልቅ የምትናፍቀኝ እዚያ ስቀመጥ ነው።