ምዕራፍ አስራ አራትን የሚጠይቀው ማን ነው?

የእህቴን ልጅ በሥራ ቦታዋ «በረኛዋ» ይሏታል። የአንድ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ተንከባካቢ ናት፤ ማየት የተሳናቸው ሰዎች በድምፅ የተቀዱ መጻሕፍት የሚያደምጡበት ነው። ከሁለት ወር በፊት ድረ ገጹ ምድር ቤት ከነበረው አሮጌ ኮምፒውተር ወጥቶ ወደ ክላውድ፣ በኢንተርኔት ወደሚከራዩት ሩቅ ኮምፒውተር፣ ሲዛወር አዲስ አድራሻ ወጣለት። እሷም በድሮው አድራሻ ላይ የመጣውን ሁሉ ወደ አዲሱ የሚመራ ትእዛዝ አኖረች፤ ቤት የለቀቀ ሰው በሩ ላይ እንደሚለጥፈው ወረቀት ያለ ነገር። ቅጽል ስሟም ከዚያ መጣ።

የድሮው አድራሻ የኪራይ ውል አርብ ያልቃል። አለቃዋ አይታደስም ብሏል፤ ሁለት ወር ሙሉ ስለ አዲሱ አድራሻ ያልሰማ ከእንግዲህም አይሰማም ባይ ነው። እሷ ግን ከመዝጋቷ በፊት የጎብኚዎችን መዝገብ ገለጠች። በእናቷ ወጥታ ነው፤ እህቴ በር ቆልፋ ሦስት ጊዜ ተመልሳ የምትነቀንቅ ሰው ነበረች።

መዝገቡ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አገኘች። በየማለዳው ልክ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ሰው በድሮው አድራሻ የአንድ ልብ ወለድ ምዕራፍ አስራ አራትን ይጠይቃል። ትእዛዙ ወደ አዲሱ ፊት ገጽ ይወስደዋል። ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠይቃል፤ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይሄዳል። በማግስቱም እንዲሁ።

እሑድ ቤቴ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሰው ነው ማሽን?» አለችኝ።

ማሽን ቢሆን መቶ ጊዜ ይጠይቅ ነበር፤ ሦስቴ ሞክሮ ተናዶ የሚሄድ፣ በነጋታው ግን ተስፋ ይዞ የሚመለስ ሰው ብቻ ነው አልኳት። ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ያኔ ነገረችኝ። ትእዛዙን ስትጽፍ ከአድራሻው እዝባር (/) በኋላ ያለውን፣ መጽሐፉንና ምዕራፉን የሚለየውን፣ ሁሉ ጥላዋለች፤ የትኛውንም መጽሐፍ ፈልጎ የመጣ ሰው ፊት ገጹ ላይ ይወድቃል። ብታስተካክለውም አርብ በሩ ራሱ ሊጠፋ ነው። ስለዚህ ያ ሰው በሚያንኳኳው ገጽ ላይ ብቻ አንድ መስመር ጻፈች፤ እባክዎ ይደውሉልኝ፣ ከነስልክ ቁጥሯ።

ሰኞ ከአንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲያልፍ ስልኳ ጮኸ። የአሮጊት ድምፅ ነበር። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት የስልክ አገናኝ ሆነው ሠርተዋል፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ኮምፒውተራቸው እያነበበላቸው ይኖራሉ። አዲሱ ፊት ገጽ ግን ያለ መግለጫ የተደረደረ ፎቶ ስለሆነ፣ ማሽኑ «ሥዕል፣ ሥዕል፣ ሥዕል» ብቻ ይልባቸዋል። የድሮው አድራሻ ጣቶቻቸው ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን የምዕራፍ ቁጥር ብቻ ይቀይራሉ።

«በዘመኔ አንድ ቀን መስመር ስቼ አላውቅም» አሏት። «አንቺ ግን የደወለውን ሁሉ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ታገናኚያለሽ።»

ይቅርታ ጠይቃ አዲሱን አድራሻ ላስጽፍዎት ብትላቸው አልሆነም።

«የኔ ልጅ፣ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ጣቴን አሁን ምን አስተምረዋለሁ? ያ ሰውዬ ምዕራፍ አስራ ሦስት ላይ ጉድጓድ ገብቷል። ይውጣ አይውጣ ሳላውቅ ልሞት ነው?»

የእህቴ ልጅ ሙግት አትወድም። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ለእሱም ይድገሙለት አለች። ደገሙለት፤ ጨመሩበትም። ሲጨርሱ ውሉ ለአምስት ዓመት እንዲታደስ አዘዘ።

ቀኑን ሙሉ ትእዛዙን ስታርም ዋለች። ምዕራፍ አስራ አራትን የጠየቀ በአዲሱ ቤትም ምዕራፍ አስራ አራትን ያግኝ ነው ነገሩ። አዲሱ ወደ ድሮው፣ ድሮው ወደ አዲሱ እየላከ ሰውን መሀል ላይ እንዳያሽከረክር አርባ ያህል አድራሻ አንድ በአንድ ሞከረች። እኔ ስንት ቤት ለቅቄ ወጥቻለሁ፤ ከኋላዬ ማን መጥቶ እንዳንኳኳ ጠይቄ ግን አላውቅም። ይህን እያሰብኩ ነው የሰነበትኩት።

ማክሰኞ ማለዳ መዝገቡን ከፍታ ጠበቀች። አንድ ሰዓት ላይ ምዕራፍ አስራ አራት ተጠየቀ፤ አንዴ ብቻ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ምዕራፍ አስራ አምስት።

«ታዲያ ሰውየው ከጉድጓዱ ወጣ?» አልኳት።

«ደውዬ ጠየቅኳቸው እኮ ጋሼ። ከምዕራፍ አንድ ጀምሪ አሉኝ።»