ቀልድ የመሰለን ሰላምታ

የአባቴ ሕመም የጀመረው በሰላምታ ነው። አመሻሽ ላይ ደጅ ተቀምጠን ሳለ ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ ሲያልፉ አባቴ ብድግ ብሎ «አካም ቡልተን?» አላቸው። እንዴት አደሩ ማለቱ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። «አካም ኦልተን»፣ እንዴት ዋሉ፣ ማለት ነበረበት። ሁላችንም ሳቅን። አርባ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ፕሮፌሰር ነውና ስለ ጊዜ ሊያሾፍ የፈለገ መስሎን ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

ጡረታ ወጥቶ አምቦ ከገባ ወዲህ ቀልዱን ለምደነዋል። ከዚያ ሰላምታ ወር ቀደም ብሎ ከጎጆ ከተማ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ሚኒባሱ ጉድጓድ ገብቶ የአባቴ ራስ ከጣሪያው ጋር ተጋጭቶ ነበር። «መኪናው ወረደ፣ እኔ ቀረሁ፤ ኢነርሺያ ይሉታል» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ። አልደማም፣ አላበጠም። እኛም ረሳነው።

ከሰላምታው በኋላ ቀን ቀን መተኛት አበዛ። ብርጭቆ ከግራ እጁ ያመልጠዋል፤ እግሩን ይጎትታል። እናቴ «ሰማንያ እየተጠጋ አይደል? ዕድሜ ነው» ትላለች። እኔን ግን ፍርሃት ገባኝ፤ በተኛ ቁጥር በሩን ገርበብ አድርጌ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ራሴን አመመኝ ሲለኝ፣ ለልቡ ከታዘዘለት አስፒሪን እየጨመርኩ ሰጠሁት። አራት ቀን ሙሉ። ያዘዘኝ ሐኪም የለም።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኦቦ ደበላ አባቴን ክንዱን ደግፈው አመጡት። የገዛ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቋቸው ኖሯል።

«ኩን ቆሳ ሚቲ፣ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ ቀልድ አይደለም። ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።»

አምቦ ያየው ሐኪም «ጭንቅላታቸውን ተመትተው ያውቃሉ?» ሲለኝ አይ፣ አልተመታም አልኩት። ሲቲ ስካን እንዲነሣ ወደ አዲስ አበባ ላከን። መንገዱ አላልቅ አለኝ። ሆለታ ስንደርስ ስጠራው መመለስ አቆመ። እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዟል።

አዲስ አበባ ሲቲ ስካኑ እንደተነሣ፣ የሆስፒታሉ ሐኪም ፊልሙን ወደ ብርሃን ያዘችው።

«ሰብዱራል ሄማቶማ ይባላል። በራስ ቅላቸውና በአንጎላቸው መሃል ደም ተጠራቅሞ እየተጫናቸው ነው። እርጅና አይደለም፤ ተመትተዋል።»

ሚኒባሱ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ነገርኳት።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«አስፒሪን።»

«ምን ያህል?»

እሱንም ነገርኳት። መዝገቡ ላይ ጻፈችው። ቀጥላ፦ «አስፒሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ቀዶ ጥገና ስናደርግላቸው ደሙ ቶሎ ላይቆም ይችላል። መጠበቅም አንችልም» አለች።

ፈረምኩ። በሩ ተዘጋ። ገደልኩት አልኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም።

የራስ ቅሉን ሁለት ቦታ በስተው ደሙን አፈሰሱለት። ተረፈ።

ማገገሙ ወራት ፈጀ፤ መጀመሪያ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከዚያ በከዘራ እስከ ኦቦ ደበላ አጥር፣ በኋላም ፊዚዮቴራፒስቷ ባሳየችን መሠረት ግራ እጁን በጨርቅ ኳስ እያለማመደ፣ ተማሪ ሳለ የሸመደዳቸውን ቀመሮች አንድ በአንድ እየጻፈ፣ ሲጠፋበት እየተናደደ፣ ሲመጣለት እናቴን እየጠራ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ፤ ሁለት የልጅ ልጆቹንም ዳረ። ያረፈው ባለፈው ዓመት በልቡ ሕመም ነው። ለዚያች ሐኪምና ለኦቦ ደበላ ውለታቸውን የምመልስበት የለኝም።

ያኔ ሲሻለው፣ አንድ ቀን አብረን ስንሄድ፣ የአስፒሪኑን ነገር እያለቀስኩ ነገርኩት። ቆም ብሎ ከዘራውን ተደገፈ።

«በላብራቶሪ ስህተቱን በላጲስ የሚያጠፋ ተማሪ ማርክ እቀንስበት ነበር» አለኝ። «አንቺም እንዳታጠፊው። ጻፊው፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው።»

በሕይወት ሳለ እጄ እንቢ አለኝ። አሁን በቤታችሁ ሽማግሌ ላላችሁ ልጻፈው። ራሱን ትንሽም ቢጋጭ ቀኑን መዝግቡ፤ ችግሩ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ንግግሩ ወይም እርምጃው ከተለወጠ ዕድሜ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ውሰዱት። ሐኪም ያዘዘለትን አስፒሪን በራሳችሁ አታቁሙ፣ በራሳችሁም አትጨምሩ። እኔ ጨምሬያለሁ። አራት ቀን ሙሉ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ በገዛ እጄ ከውኃ ጋር ሰጥቼዋለሁ፤ እሱም በእያንዳንዱ ቀን አመስግኖኛል።