ከማዳም ገንዳ የተነቀለው ሳር

"ዓሣዎቹ ወለዱ!" እማዬ ከግቢው ስትጮህ የጥርስ ብሩሼን እንደጎረስኩ ሮጥኩ። እውነትም ጥፍር የማያክሉ ዓሣዎች ገንዳው ውስጥ በበቀለው ሳር መሀል ሽው ሽው ይላሉ። ዘለልኩ! ደስታዬ እንዲገባችሁ ግን ያለፈውን ወር ልንገራችሁ። ያኔ እዚህ ግቢ ማንም ማንንም አያምንም ነበር።

እማዬ የምትሠራው እዚሁ ጅቡቲ፣ አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ነው። የምንኖረውም ከኋላ ባለችው ክፍል። ማዳም ዓሣዎቿን እንደ ልጅ ነው የምታያቸው፤ እነሱ ደግሞ በየጠዋቱ ሞተው መንሳፈፍ ጀመሩ።

ማዳም እማዬን ጠረጠረች። አፍ አውጥታ አልተናገረችም፤ የበረኪናው ጠርሙስ ላይ ግን፣ ጎድሎ እንደሆነ ልታይ፣ በከንፈር ቀለም መስመር አሰመረች። እማዬ ይህን አይታ "ቀጥሎ እኛን ነው የምታስወጣው" አለችኝ። እማዬ ደግሞ የጠረጠረችው ዘበኛውን ነው። ዘበኛው የጎረቤቱን ድመት። እኔ ሁሉንም።

ዘበኛውን አዴር እለዋለሁ፤ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ድሮ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ከፔካ 12፣ ከከተማው ዳር ካለው የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ ድሬዳዋ ሲመላለስ አማርኛ ለምዷል። አንድ ቀን ጨርቅ የሸፈነው ባልዲ ይዞ ከኩሽናው ኋላ ሲሄድ አየሁትና ተከተልኩት።

"አዴር፣ እሱ ምንድን ነው?"

"ደግሞ ፖሊስ ሆንሽ?"

"ክፈተዋ!"

"የፍየሌ ምሳ ነው! እናትሽ ከገንዳው ነቅላ የጣለችው ሳር። ውሃ ውስጥ ካላቆየሁት ይደርቃል።"

ጨርቁን ገለጥኩት። ከሳሩ ጋር ሳይታወቅ የወጡ ሁለት ዓሣዎች፣ በዚያች ጠባብ ባልዲ፣ ቁልጭ ቁልጭ ይላሉ። ሰፊው ገንዳ ውስጥ ያሉት ግን አፋቸውን ከውሃው በላይ ከፍተው አየር ይለምናሉ።

ያኔ ገባኝ። እማዬ ሐሙስ ሐሙስ ሳሩን ነቅላ ገንዳውን ትፈትገዋለች። እኛ ውሃ በበርሜል የምናጠራቅም ሰዎች አረንጓዴ ነገር ካየን ቆሻሻና ትንኝ ነው የሚታየን። የሳይንስ አስተማሪያችን ግን የውሃ ተክል ብርሃን ሲያገኝ ለዓሣ መተንፈሻ አየር ይሰጣል፣ ኩሳቸውንም ይመገባል ብሎን ነበር።

ለእማዬ ነገርኳት።

"ዝም በይ አንቺ! እናቴ ገደለቻቸው ልትያት ነው?"

እውነቷን ነው። ዝም ብልም ግን የሚቀጥለው ሐሙስ አለ። ማዳምን ባልዲው ጋ ወሰድኳትና በፈረንሳይኛ ነገርኳት። ዓሣዎቹን እኔው የከተትኳቸው ይመስል ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። አንድ ቅጠል ፀሐይ ወዳለበት ገፋ አደረገች፤ ትንሽ ቆይቶ ጥቃቅን የአየር አረፋ ለበሰ።

"ነጭ እስኪሆን ፈትጊው ያልኳት እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ። ሳሩንም በገዛ እጇ መለሰችው። አዴር ስለ ፍየሉ አጉረመረመ።

እማዬ ግን ከመባረር መትረፋችንን አላመነችም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ፣ ማዳምን ሰላም ከማለቷ በፊት ገንዳውን ታይ ነበር።

አሁን ማዳም "ጓደኞችሽን ጥሪያቸው፣ ይዩ" ብላኛለች። እናንተንም ጠርቻለሁ። ረፋዱ ላይ ኑ፣ ፀሐይ ሳሩን ስትመታው። ጥላችሁን ሰብሰብ አድርጉ፤ ትንንሾቹ ፈርተው ሳሩ ውስጥ ይደበቃሉ። እማዬ በሩ ላይ ናት። ስትወጡ እጃችሁን ታያለች፤ አንዲት ቅጠል ብትገኝባችሁ እኔ የለሁበትም።