ሳተላይቷ አጠገብ የተገኘው ክር

ሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ ባለው የሳተላይት መገጣጠሚያ ክፍል ለጽዳት የተቀጠርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ሄንክ መጥረጊያ አልሰጠኝም። ነጭ ቱታ፣ የፀጉር መሸፈኛ፣ ጓንትና ክር የማይለቅ ጨርቅ ሰጠኝ። «እዚህ ቆሻሻው አንቺ ነሽ፤ እኔም ነኝ» አለኝ፤ ከሰው የሚረግፈውን ፀጉርና ብናኝ ማለቱ ነበር። ጨርቁ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሳባል፤ ያበሱበት ገጽ አይደገምም።

የምትገጣጠመው ሳተላይት የጫማ ካርቶን ታክላለች። ያሠራት የሆላንድ ባሕር ኃይል ነው፤ ያሉበትን የሚደብቁ መርከቦች የሚለቁትን የሬዲዮ ሞገድ ከላይ ሆና እንድትሰማ። ባለቤቴ ተስፋዬ በወጣትነቱ ምጽዋ የባሕር ኃይል ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ካፔለ ከተማ ካለው ቤታችን ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ «ዛሬስ ምን ሰማች?» ይለኝ ነበር።

«ገና ከጠረጴዛ አልወረደችም።»

«እኛ አንቴና ልናስር ምሰሶ ላይ ስንወጣ ነፋስ ያንገላታን ነበር። እናንተ በጓንት ታባብሏታላችሁ» ብሎ ይስቅ ነበር።

ተስፋዬ በዚያው ዓመት ክረምት ዐረፈ። ሆስፒታል ውስጥ ቆርጠው በፖስታ የሰጡኝን ማተቡን ከአርባው በኋላ እጄ አንጓ ላይ አሰርኩት፤ ሥራ ስገባ ጓንት ደረብኩበት። ደንቡ ክር አስሮ መግባትን እንደሚከለክል አውቃለሁ። መፍታት ግን አቃተኝ።

ማተቡን አስሬ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የባሕር ኃይሉ መሐንዲስ ሌተና ማሪት በመብራት ስትፈትሽ፣ የአንቴናው ማጠፊያ አጠገብ ጥቁር ክር አገኘች። «ሌላም ውስጥ ገብቶ ከሆነ አንቴናው አይዘረጋም፤ ምንም ሳትሰማ ትቀራለች» አለች። ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ሳተላይቷ ልትፈታ ነው። የምትላክበት ቀን ደግሞ ደርሷል።

ሥራዬን እንደማጣ ታወቀኝ። «ክሩ የእኔ ነው» አልኳት። «ጓንቴ ሥር የባለቤቴ ማተብ አለ።»

«ጓንቱን እዚህ እንዳታወልቂ» ብላ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ወሰደችኝ። ክሩን ከማተቡ ጋር በአጉሊ መነጽር አስተያየችው። «ሌላ የጎደለ አለው?»

«ሲሰጡኝ የተቆረጠው ጫፍ ሦስት ክር ነበረው። ሁለቱ እዚህ አሉ።»

«እንግዲያው የጎደለው ይኼ ብቻ ነው፤ አንፈታትም።»

ሄንክ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ተገቢ ነበር። ማሪት ግን የአንቴና ብሎን የሚታሸግበት ትንሽ ከረጢት አመጣችልኝ። ማተቡ ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ በዚያ ታሽጎ የሥራ ቦታ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆየ። ሁለቱንም አመሰግናለሁ።

ሳተላይቷ ወደ ጠፈር ከወጣች በኋላ ማሪት ራሷ መጥታ «የመጀመሪያዋን መርከብ ሰማች» አለችኝ። ማታ ቤት ገብቼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ለተስፋዬ ነገርኩት።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ክር ከእናንተ ላይ ከወደቀ ወዲያው ተናገሩ። ስንት እንደጎደለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።